አስታርቀን የሸኘናት መምህርት

ከልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለው የግል ትምህርት ቤት ስቀጠር በመጀመሪያ የተሰጠኝ ምክር ስለ ማስተማር አልነበረም። ውል ያስፈረመችኝ ጸሐፊ ወረቀቱን አጣጥፋ ወደ መሳቢያው እየከተተች፣ «ደመወዝህን ለማንም እንዳትናገር። እዚህ ሁሉም ለየብቻው ተነጋግሮ ነው የሚገባው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ደመወዝ ማውራት ነውር እንደሆነ ከቤቴም ሰምቼ ያደግሁት ነውና ምክሯ የጨዋ ምክር መሰለኝ።

በዚያ ትምህርት ቤት አንደኛ «ሀ»ን የምታስተምር ሴት ነበረች። ሕፃናቱም፣ ወላጆቹም፣ ጥበቃውም፣ እኛ መምህራኑም «ሚስ» ነው የምንላት። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ ነበረች። ከእኔ በብዙ ስለምትበልጥ የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ብዬ ባናግራት፣ «አንቱ ካልከኝማ ጡረታዬ ደርሷል ማለት ነው። ገና ልጅ አላደረስኩም፤ አንቺ በለኝ» ብላ ሳቀች። ልጅ ያለችው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች አንዲት ሴት ልጇን ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ደጃፍ ልቅሶ ቤት ይመስላል። እናቱን የሙጥኝ ያለ አለ፣ አጥር ሥር የተቀመጠ አለ። ሚስ አታባብልም። የሚያለቅሰውን ልጅ ጠጋ ብላ፣ «የኔ ጌታ፣ እጄ ተይዟል፤ እስቲ ያን በር ዝጋልኝ» ትለዋለች። ልጁ ዕንባውን ጠርጎ ሄዶ ይዘጋል፤ በሩን ሲዘጋ ራሱ ውስጥ ነው። እኔ በኮሌጅ የሕፃናት ሥነ ልቦና ተምሬያለሁ፤ ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ እንዲህ ያለው ግን አልነበረበትም።

እዚህ ላይ የግል ትምህርት ቤት ደመወዝ እንዴት እንደሚሄድ ማብራራት አለብኝ፤ ካላብራራሁ የሚከተለው አይገባም። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤቶች መምህር ይነጣጠቃሉ። አዲስ የሚቀጠር ሰው በዚያ ወር ገበያ ተከራክሮ ይገባል። ነባሩ ግን ገበያ አይወጣም። እሱ የሚያገኘው በዓመት አንድ ጊዜ ለሁሉም እኩል የምትጨመረውን ነው። ገበያው ይሮጣል፣ ጭማሪዋ ታዘግማለች። በዚህ የተነሳ በየሁለት ዓመቱ የሚለቅ መምህር ደመወዙ ያድጋል፤ አንድ ቦታ የጸና ደግሞ በጸና ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። ተንኮል አስቦ የሠራው ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ሥርዓቱ የቆየን ሰው ይቀጣል፤ ሁሉም ዝም እንዲል ስለተመከረ ደግሞ የተቀጣው ሰው መቀጣቱን አያውቅም።

ሚስ ያወቀችው ምሳ ላይ ነው። እኛ ምሳ ዕቃችንን ጠረጴዛው መሀል ከፍተን ሁላችንም ከሁላችንም ነበር የምንበላው። ረቡዕ ስለነበር ሁሉም ሽሮ ነው፤ የሚለያየው መልኩ ብቻ። አንደኛ «ለ»ን እንድታስተምር በዚያው መስከረም የተቀጠረች ወጣት መምህርት ስለ ቤት ኪራይ ስታማርር ቆይታ፣ «በዚህ ደመወዝ አዲስ አበባ እንዴት ይኖራል በናታችሁ?» ብላ የሚከፈላትን ብር በቁጥር ተናገረች።

የሁሉም እጅ ከሽሮው ተሰበሰበ።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሽሮው ይሰማል» አለ የስፖርት መምህሩ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ምን አጠፋሁ? ትንሽ ነው እኮ!» አለች ወጣቷ ግራ ገብቷት።

ሚስ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ በደህና ድምፅ፣ «ብይ፣ ብይ፤ ይቀዘቅዝብሻል» አለቻት። አጠገቧ ተቀምጦ ለሚያያት ሰው ምንም የሆነች አትመስልም።

ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «አንተ ልጅ፣ ያለችው እውነት ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ከእኔ እኮ ይበልጣል። በጣም ይበልጣል።» ቀጥላም፣ «አንተስ? አይ፣ ተወው፤ አትንገረኝ» አለች። የእሷን ሳላውቅ የእኔም እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴን አይታ እሷም አወቀች።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ቢሮ ገባች። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ወላጅ የሞተበትን ልጅ ክፍያ ሳይጠይቁ ያስተምራሉ። መምህር ቢታመም ሆስፒታል ድረስ ይሄዳሉ። የሚስ እናት ያረፉ ጊዜ ከልደታ ማርያም ደጅ እስከ መቃብሩ አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ከቢሮ ወጥታ የሆነውን የነገረችኝ የልደታን ፍርድ ቤት አልፈን ወደ ታክሲው ስትሸኘኝ ነው። አቤቱታ ጸሐፊዎቹ ከጃንጥላቸው ሥር ዕቃቸውን ይሰበስቡ ነበር።

«‹ጋሼ፣ ጭማሪ አይደለም የምለምነው፤ ዘንድሮ ከገባችው ጋር እኩል ያድርጉኝ› አልኳቸው። ‹እኔ አንቺን እንደ ሠራተኛ አይቼሽ አላውቅም፤ ልጄ ነሽ። የእናትሽን አስከሬን የተሸከምኩት ለሠራተኛ ብዬ ነው?› አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«‹እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን እሱ ከደመወዜ የሚታሰብ ነው እንዴ?› አልኩ።» ሳቀችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ምላሴን በቆረጠው! ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት። ዕንባ ነው ያቀረሩት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ አኮረፏት። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል መጥተው መምህራኑን አንድ በአንድ ይጨብጡ ነበር፤ እሷ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ አስተዋሉት። «ሚስ ጋሼን አዋረደቻቸው» የሚል ወሬ በግቢው ዞረ፤ ምን ጠይቃ እንደነበር ግን ያወራ አልነበረም። በዚህ መሀል ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት በተሻለ ደመወዝ ጠራት። እስከ ሴሚስተሩ ማለቂያ ወስና እንድታሳውቅ ጠየቋት።

«መሄድ አልፈልግም» አለችኝ። «ፊደል ሳይለዩ የመጡልኝን ልጆች መሀል ዓመት ላይ ጥዬ የት እሄዳለሁ? እኩል ካደረጉኝ እዚሁ ነኝ። እሱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

እኔ ነገር በሥርዓት ሲሆን ደስ ይለኛል። ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ አንድ የደመወዝ እርከን አዘጋጀሁ፦ የአገልግሎት ዘመን፣ የትምህርት ደረጃ፣ የክፍለ ጊዜ ብዛት፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ። ሰኞ ከሥራ በኋላ በመምህራኑ ማረፊያ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳኋቸው። እርከን ካለ ማንም ከማንም ጋር መጣላት አያስፈልገውም፤ ሰው የሚከፈለው በምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያወቀ ሰው ደግሞ ይቆያል። እንዲህ እያልኩ ጠመኔውን ሳወዛውዝ የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

የኔታ የምንላቸው የአማርኛ መምህራችንን ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በአነጋገራቸው የተከበሩ፣ እንደ ሚስ ሁሉ ከምሥረታው ጀምሮ የነበሩ ናቸው።

«ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል» አሉ። «ግን ስንት ስንት አትበልብን። እሱ የሷና የጋሼ ምሥጢር ነው። ደግሞም ይህ በጠመኔ አይፈታም። ሰውየው አዝነዋል። ሽማግሌ እንላክ።»

ክፍሉ ሁሉ እፎይ አለ። «ይኼ ነው!» አለ የስፖርት መምህሩ። እኔም ተስማማሁ። አንድ ደካማ ሰው ብቻውን ሄዶ ያጣውን ሽማግሌ ሄዶ ሲያገኝለት አይቻለሁ፤ የጋብቻም፣ የወሰንም፣ የውርስም ጉዳይ በዚህ መንገድ ሲያልቅ ነው ያደግሁት። ሚስ ራሷ ስትሰማ ፊቷ በራ። «ሽማግሌ እንቢ አይባልም» አለች። እርከኑን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለየኔታ ሰጠኋቸው። አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነን ሄድን፦ የኔታ፣ የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበርና እኔ። እኔ ሽማግሌ ለመሆን አልበቃም፤ የተወሰድኩት ጥያቄ ቢነሣ ጉዳዩን እንዳብራራ ነው። ሚስ ባዶው አንደኛ ክፍል ውስጥ ከሕፃናቱ ወንበር በአንዱ ተቀምጣ እስክትጠራ ትጠብቅ ነበር።

ጋሼ አክብረው ተቀበሉን። የዕድሩ ሊቀመንበር ጀመሩ። ስለ ፍቅር ተናገሩ። ስለ ዕድሜ አጭርነት ተናገሩ። ከዚያ፣ «ልጅ ያጠፋል፤ አባት ይምራል። ይህች ልጅዎ በቁጣ አንድ ቃል አምልጧት ይሆናል። እኛ የመጣነው ለእርሷ ይቅርታ ለመለመን ነው» አሉ።

የኔታን አየኋቸው። ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ደመወዝ የሚባል ቃል እስኪመጣ ጠበቅሁ። ጋሼ መናገር ጀመሩ፤ ትምህርት ቤቱን እንዴት እንዳቋቋሙ፣ ያን ቃል ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌላቸው። ድምፃቸው ተሰበረ። የዕድሩ ሊቀመንበርም ዓይናቸውን ጠረጉ። በመጨረሻ፣ «ለእናንተ ስል፣ ለእመቤቴ ስል ይቅር ብያለሁ» አሉ።

ሚስ ተጠራች። ገና ከበሩ ሳትርቅ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ «ነይ ልጄ፤ ጉልበት ሳሚ፤ አባትሽ ምረውሻል» አሏት። ወደ እኔ አየች። ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተገኘላት ከፊቴ ለማንበብ ነው። ከፊቴ ምን እንዳነበበች አላውቅም፤ ጎንበስ አለች። ጋሼ ጉልበታቸው ጋ ሳትደርስ ብብቷን ይዘው አነሷትና አቅፈው ጉንጯን ሳሙት። ዕንባቸው ትከሻዋ ላይ ወረደ። ያ ፍቅር የውሸት አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ይኸው ነው።

የኔታ ቆመው መረቁ። የዕድሩ ሊቀመንበር ደግሞ እንደ ወጉ ዕርቁን አሰሩት፦ «ከእንግዲህ ይህን ነገር መልሶ ያነሣ ከእኛም ጋር ተጣላ። አሜን በሉ!»

«አሜን» አሉ ጋሼ።

«አሜን» አለች ሚስ።

ቦታዬ እንዳልሆነ እያወቅሁ አፌን ከፈትኩ። «አባቶቼ፣ ይቅርታ... የደመወዙ ነገርስ?»

የኔታ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «ትልቁ ተፈታ ልጄ፤ ትንሹ ይከተላል።»

«በጊዜው አየዋለሁ» አሉ ጋሼ ፈገግ ብለው፤ ለስላሳ እንዲመጣ አዘዙ።

ሰኞ ዕለት መምህራኑ እንኳን ደስ አለሽ አሏት። ጋሼ ጠዋት ሲጨብጡ እሷ ጋ ቆም ብለው ያጫውቷት ጀመር። ለገና ጋቢ ገዝተው ሰጧት። ደመወዟ ግን ያው ነበር። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። «በጊዜው» የተባለው ጊዜ መቼ እንደሆነ መጠየቅ የሚችል ሰው አልነበረም፤ የጠየቀ ነገሩን መልሶ ያነሣ ነው።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ፈተና አርመን ስንወጣ፣ «ሄጄ ልጠይቅልሽ?» አልኳት።

«እንዳታደርገው! እኔ የላክሁህ ይመስላቸዋል። አሜን ብላ አፈረሰች ልባል?» ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «ታውቃለህ፣ ተጣልተን ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የተጣላ ሰው ይጠይቃል፣ ይከራከራል። እናንተ ግን አስታረቃችሁኝ።» ቁጣ አልነበረባትም። «ጋቢው ይሞቃል፣ አልዋሽም። ግን ኪራይ አይሆንም። አከራዬ ደግሞ ጨምሯል።»

ሴሚስተሩ ሲያልቅ መልቀቂያ አስገባች። ምክንያት በሚለው ቦታ «በግል ጉዳይ» ብላ ጻፈች። ሌላ ምን ትጻፍ? የመጨረሻ ቀን ሕፃናቱን አልተሰናበተችም። «ሰኞ እንገናኝ» እንዳትላቸው መዋሸት ሆነባት፣ አንገናኝም እንዳትል አቃታት፤ ቦርሳቸውን አንድ በአንድ ዘግታ ለወላጆቻቸው አስረከበች። ሰኞ ዕለት አንዷ ልጅ እኔ ክፍል ድረስ መጥታ፣ «ሚስ አሟታል እንዴ?» አለችኝ። ሁሉን ነገር የማብራራው ሰው ለዚያች ልጅ የማብራራው ጠፋኝ። «ደህና ናት» ብቻ አልኳት።

በቦታዋ የተቀጠረችው መምህርት በገበያው ዋጋ ገባች። ሚስ የጠየቀችው ያንኑ ዋጋ ነበር።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ጋሼ አስጠሩኝ። የከሱ መሰለኝ።

«አንተ ቅርቧ ነበርክ። ለምን ሄደች?»

አብራራሁ። ነሐሴንና ገበያውን፣ በእግሯ የምትከተለውን ጭማሪ፣ ኪራዩን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ጋሼ፣ ከማንም በፊት ለእርስዎ ነው የነገረችው።»

«እሱማ ጥል ነበር። ታርቀን የለ እንዴ!» መስኮቱን አዩ። ግቢው ውስጥ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። «የኔታን ጥራልኝ። ሽማግሌ እልክባታለሁ።»

«ሽማግሌ አያስፈልግም ጋሼ። የሚከፍሏትን ቁርጡን በስልክ ይንገሯት፤ ትመጣለች።»

«ከልጄ ጋር በስልክ ዋጋ ልከራከር?» አሉ። አስተያየታቸው ነውር የሰማ ሰው አስተያየት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጣን፤ ያው ሦስታችን። «አንተን ትወድሃለች፤ አብረህ ና» ተብዬ ነው። የዕድሩ ሊቀመንበር በየፎቁ እያረፉ፣ «እዚህ ድረስ የሚወጣ ሰው ጸሎቱ ቶሎ ይደርሳል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በሩን ልጇ ከፈተች። ሚስ ከኋላዋ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ አለች። ስታየን ፊቷ ላይ የወጣው ደስታ ነው፤ ወዲያው ግን ለምን እንደመጣን ገባት።

«ግቡ እንጂ አባቶች። ተቀመጡ።»

ገባን፤ አልተቀመጥንም። ለልመና የሄደ ሽማግሌ የለመነው ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። «ቃልሽን ካልሰጠሽን አንቀመጥም» አሉ የዕድሩ ሊቀመንበር። «አባትሽ ልከውናል። ተመለሽ ይሉሻል። ቅሬታ ካለሽ እናስታርቅ።»

«ከማን ጋር?» አለች ሚስ።

«ከጋሼ ጋር ነዋ።»

«ከጋሼ ጋር እኮ ታርቄያለሁ። እናንተው ናችሁ ያስታረቃችሁኝ። ባለፈው ሳምንት እንኳን ደውዬ ጤናቸውን ጠይቄያለሁ። እኔ በሳቸው ላይ ቂም የለኝም አባቶች፤ በማርያም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቂም ከሌለ ሥራቸው ምንድን ነው? ጠቡን ሊያበርዱ የመጡ ሰዎች ጠብ አጥተው ቆመዋል።

«እንግዲያ ለምን ሄድሽ?» አሉ የኔታ ቀስ ብለው።

«ደመወዝ አነሰኝ።»

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው የኔታ። መጀመሪያም ይኸው ብቻ ነበር።» ፎጣውን ወንበር ላይ አኖረች። «ጋሼ ይህን ያህል እከፍላታለሁ ብለዋችኋል?»

የዕድሩ ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ እንኳን ስለ እሱ አልተላክንም ልጄ።»

«በሉ ተቀመጡ፤ ሻይ እንኳን ላፍላላችሁ» አለች። አልተቀመጥንም። ተቀምጠን ብንጠጣ ተሳካልን ማለት ይሆናል። እስከ ደረጃው ሸኘችን፤ ሁላችንንም አቀፈች። እኔን፣ «አትክሳ አንተ ልጅ» አለችኝ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ «ለብር ብላ! አሜን ካለች በኋላ!» ብለው በንዴት ቀድመውን ወረዱ። የኔታ ወደ ኋላ ቀሩ። ብረቱን ይዘው አንድ አንድ ደረጃ ይወርዱ ነበር፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል መሰለኝና ክንዳቸውን ደገፍኩ።

«ልጄ» አሉኝ ወደ እኔ ሳያዩ።

«አቤት የኔታ።»

«ለአንተ ስንት ነው የሚከፍሉህ?»

ነገርኳቸው።

ደረጃው ላይ ቆሙ። ከላይ የሆነ ቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ ታች ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ይጠራራሉ። የእሳቸውን ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ብረቱን የያዘው እጃቸው ጠበቅ ሲል ብቻ አየሁ። ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ «በል እንሂድ፤ ጋሼ መልስ ይጠብቃሉ» አሉ፤ ግን እግራቸውን ወዲያው አላነሡም።